ከቡና ጥላ ሥር፦ የጅማ የጉዞ ማስታወሻ

በባሕር ዳር የአካባቢ ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ስንማር መምህራችን ደጋግመው የሚያሳዩን የአገሪቱ የሳተላይት ምስል አለ። በዚያ ምስል ላይ የእኛ ጎጃምና ደቡብ ጎንደር ቡናማ ሆኖ ይታይና በመካከሉ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ይበተናሉ፤ ነጠብጣቦቹ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። ደቡብ ምዕራቡ ግን ከጅማ ጀምሮ እስከ ከፋና ኢሉባቦር ድረስ ሰፊ አረንጓዴ ለብሷል። የሰው ልጅ በሥነ ምህዳር ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ በተወያየን ቁጥር ጅማ በጎ ምሳሌ ሆና ትነሣለች፤ ደኑን ያቆየው ቡናው ነውና። አባባሉ እውነትነት አለው። ሆኖም ከሰማይ የሚታየው ቅጠል ከሥሩ ስላለው ነገር የሚናገረው ጥቂት በመሆኑ፣ በቡና ለቀማ ወቅት ሄጄ ወንዙንም ደኑንም በቅርብ ለማየት ወሰንሁ። በጅማ የሚማር የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ መንገድ ሊመራኝና ሊያስተረጉምልኝ ፈቀደ።

ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. — ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣ፤ የቲኬቱ ዋጋ 850 ብር ነበር። ወልቂጤ ለቁርስ ቆምን፤ ዕለቱ ዓርብ ስለ ነበር ትኩስ ቆጮ በጎመን አዝዤ 150 ብር ከፈልሁ። ቆጮ በእኛ አገር ብርቅ ነው፤ የእንሰቱ ተክል ግን ከዚያ ጀምሮ በየቤቱ ጓሮ እየታየ እስከ ጅማ ድረስ አብሮን ተጓዘ።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል። ብዙ ተሳፋሪ እንቅልፍ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ይህን ሸለቆ በመጽሐፍ ሳውቀው ስለ ኖርሁ ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቀልሁም። ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈው የፀፀ ዝንብ ለረጅም ዘመን ሸለቆውን ይዞት ነበር፤ በሬ የማይቆይበት አገር ደግሞ እንደ ልብ አይታረስም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ተመራማሪዎች በከብቶች ጀርባ ላይ በሚፈስስ ፀረ ተባይ ዝንቡን መቆጣጠር ሲጀምሩ ከብቱ ዳነ፣ በሬው ተጠመደ፣ እርሻውም ወደ ሣር ምድሩና ወደ ቁጥቋጦው ገባ። በሽታ በማጥፋት የተጀመረ በጎ ሥራ የመሬቱን መልክ ይለውጣል፤ ለገበሬው ግን የልጆቹ እንጀራ ነው። በዚህ ጉዳይ ማንንም ለመውቀስ አልደፍርም፤ ይልቁንም የምንማረው ትምህርት ከባድ የሚሆነው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

ሶኮሩ ሳንደርስ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳና ከአንድ ሰዓት በላይ በመንገድ ዳር ቆየን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያየሁት ቢኖር በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ ነው። አንዲት እናት አንዱን ማዳበሪያ 600 ብር እንደምትሸጥ ነገረችኝ፤ ባሕር ዳር ላይ ከዚህ እጅግ ይወደዳል፤ በአዲስ አበባም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ወደ ከተማ የሚመለስ መኪና ሁሉ አንድ ሁለቱን ሳይጭን አያልፍም። ጅማ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ገባን። ንጹሕ አልጋ በ700 ብር አገኘሁ።

ኅዳር 7 — አዌቱና ቦዬ

ጅማና ባሕር ዳር ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ዝናቡ ላይ ነው፤ የእኛ ዝናብ በክረምት ወርዶ ያበቃል፣ የጅማው ግን ከበልግ ጀምሮ ወራቱን ተከፋፍሎ ስለሚዘንብ በኅዳርም ሣሩ እርጥብ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የአዌቱ ወንዝም በዚህ ወቅት ሙሉ ነበር።

ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር የወንዙን ዳር ይዘን ወረድን። በከተማው ላይኛ ጫፍ ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከገበያው በታች የመኪና እጥበቱ ይመጣል፤ ዘይትና ሳሙና በቀጥታ ይገባል። ከዚያ በታች ደግሞ የፕላስቲክ ጠርሙስና ፌስታል በየድልድዩ እግር ተከምሯል። ወንዙ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የቦዬ ረግረግ ይሄዳል። በባጃጅ 150 ብር ኮንትራት ይዘን ተከተልነው።

ቦዬን ሳይ ልቤ በሐዘንም በደስታም ተነካ። ደስታው በጉማሬዎቹ ነው፤ ከአንድ ትልቅ ከተማ አጠገብ፣ የመኪና ጡሩንባ እየተሰማ፣ ጉማሬ በኩሬው ውስጥ ጆሮውን ሲያራግብ ማየት በብዙ አገር አይገኝም። ሐዘኑ በዳርቻው ነው። ረግረጉ ሸክላ አፈር ስላለው ጡብ ሠሪዎች ይቆፍሩታል፤ ጡቡን የሚተኩሱትም በባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፉም የተተከለው ረግረጉ ተጠንፍፎ በደረቀው መሬት ላይ ነው። ከቁፋሮው ጎን ሴቶች ቄጤማ ያጭዳሉ፤ አንዱን ጭብጥ በ20 ብር ለቡና መጠጫ ቤቶች ይሸጡ ነበር። አንዲቱ እንዳለችን ቀድሞ ቤቷ አጠገብ ያጭዱት የነበረውን አሁን ከኩሬው ማዶ ሄደው ያመጡታል።

የረግረግ ጥቅም ቆመው ሲያዩት ግልጽ ነው። ውኃው በቄጤማው መካከል ሲያልፍ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ከከተማ የመጣውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ተክሉ ለራሱ ይወስደዋል። ቄጤማው ታጭዶ፣ መሬቱ ተቆፍሮ፣ ውኃው በቦይ ከተለቀቀ ግን ያ ሁሉ ቆሻሻ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይሻገራል። እኛ በጣና ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝተነዋል፤ የሐይቁ ዳር ደንገል እየተመነጠረ ለእርሻ ከዋለና ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያና ደለል ከበዛ በኋላ፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ እምቦጭ ያደረሰብንን ሁሉም ያውቀዋል። ይህንን ለጡብ ሠሪዎቹ ስነግራቸው በጥሞና አዳመጡኝ። አንዱ ወጣት፣ «ወንድሜ፣ እኛም እናውቃለን፤ ግን ለከተማው ቤት ሠሪ ሁሉ ጡቡን ከየት እናምጣለት?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ሌላ የሸክላ መሬት ሊያመላክት የሚችለው የከተማ ፕላን ነው እንጂ የዚያ ወጣት አካፋ አይደለም።

ኅዳር 8 — ጅሬን

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጅሬን ኮረብታ ወጥተን ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ጅማን የገዙትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን። የእንጨቱ ሥራ የሚያስደንቅ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የተመሰጥሁት ከኮረብታው ላይ በሚታየው ሜዳ ነው፤ ከተማዋ፣ የቦዬ ውኃ፣ ባሕር ዛፉና የቡናው ጥላ ዛፍ በአንድ እይታ ይገባሉ። ባሕር ዛፉን ከቡናው ጥላ በርቀት መለየት አስቸጋሪ መሆኑን በዚያ ቦታ ልብ አልሁ።

ኅዳር 9 — ወደ አጋሮ

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በሚኒባስ 120 ብር ከፈልን። ከጅማ እንደ ወጣን መልኮ አለ፤ በ1967 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው እዚያ ነው። በ1971 (እ.ኤ.አ.) የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ገብቶ ማሳውን ሲያጠፋ፣ ተመራማሪዎች በደን ውስጥ ካለው ቡና በሽታውን የሚቋቋመውን ፍለጋ ወጡ። ዛሬ ገበሬው 74110 እና 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች በ1974 (እ.ኤ.አ.) ከተሰበሰቡት መካከል ናቸው። የዱር ደን ለምን ያስፈልጋል ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ መድኃኒቱ የተገኘው ማንም ሳይተክለው በጫካ ከበቀለ ዛፍ ነው። በአንጻሩ እነዚሁ የተመረጡ ችግኞች ተመልሰው በደን ውስጥ ሲተከሉ ከጫካ ቡናው ጋር ይዳቀላሉ፤ ያ መድኃኒት የተገኘበት የዱር ብዝኃነትም ቀስ በቀስ ይሳሳል። ወደፊት የሚመጣውን በሽታ የሚቋቋም ዛፍ ከየት ይፈለጋል?

በአጋሮ ዙሪያ ያለው የጎማ ወረዳ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቡና ነው። ኅዳር የለቀማ ጊዜ በመሆኑ በመንገዱ ላይ ቅርጫት የተሸከመ እንጂ ባዶውን የሚሄድ ሰው አልነበረም። የእሸት ቡና ዋጋ በዕለቱ በኪሎ 70 ብር ነበር። ቡናው ገለፈቱ በውኃ ወደሚላጥባቸው፣ በየወንዙ ዳር ወዳሉት መፈልፈያዎች ይሄዳል፤ እኛም ስሙን የማልጠቅሰውን አንዱን መፈልፈያ መርጠን ከበላዩና ከበታቹ ናሙና ወሰድን።

ከመፈልፈያው በላይ ውኃው ጥርት ያለ ነበር። ድንጋይ ባነሣን ቁጥር ከሥሩ የሜይፍላይ እጭ ይሮጣል፤ ካዲስፍላይ የተባለውም ከጠጠርና ከአሸዋ በሠራው ቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ይገኛል። እነዚህ ነፍሳት ብዙ ኦክስጅን ስለሚሹ መኖራቸው ብቻ የውኃው ጤንነት ምስክር ነው። ከመፈልፈያው በታች ከመድረሳችን በፊት ሽታው ተቀበለን። የቡናው ገለፈትና ሙጫ ስኳር የበዛበት ስለሆነ በውኃው ውስጥ ይብላላል፤ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ውኃው ጥቁር ቡናማ ሆኖ አረፋ ይዟል፣ የኦክስጅን መለኪያችንም ወደ ዜሮ ተጠግቶ ቆመ። ድንጋዮቹ በሚያሟልጭ ሽፋን ተለብጠዋል፤ በመረባችን የገቡት ቀያይ የካይሮኖሚድ ትሎች ብቻ ነበሩ። ትሎቹ በሰውነታቸው ውስጥ ሄሞግሎቢን ስላላቸው ሌላው በማይተነፍስበት ይኖራሉ። ከወንዙ ዝቅ ብሎ የሚኖር አንድ አባት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከብቶቻቸውን ከዚያ እንደማያጠጡ፣ ልጆቹም ውኃ ለመቅዳት ዳገት እንደሚወጡ ነገሩን።

በዚያው አካባቢ ሌላ መፈልፈያ አይተናል፤ ሥራው በተለየ መንገድ ነው። ውኃ ቆጣቢ ማሽን ተክለዋል፣ ገለፈቱን ከምረው ያዳብሩታል፣ ፍሳሹንም ቬቲቨር ሣር በተተከለበት ቦይ አዙረው ያሰርጉታል። ወንዙ እንደ ላይኛው ባይጠራም ሕይወት ነበረው። እንግዲህ ችግሩ መፍትሔ የሌለው አይደለም፤ የሣር ሥርና ጉድጓድ የሚጠይቀው ወጪም ከአንድ የኤሌክትሪክ ማሽን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ይህ ወንዝ ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳም ወደ አባይ የሚፈስ መሆኑን አስቀድሜ ባውቅም፣ በእጄ ይዤው ሳስበው ተሰማኝ። ከባሕር ዳር ብዙ ርቆ በታች በኩል ቢገናኝም አባይ አባይ ነው።

ስንመለስ ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለና ባጃጃችን በጭቃው ተንሸራትቶ ከመንገድ ወጣ። ማንም አልተጎዳም፤ የታችኛው ውኃ ናሙና የያዙት ጠርሙሶች ግን ተሰበሩ። ሹፌሩ ራሱ ነጠላ ጫማውን አውልቆ እስከ ወንዙ ድረስ አብሮን ተመልሶ ጠርሙስ ያዘልን፤ ተጨማሪ ገንዘብ ሲሰጠውም አልቀበልም አለ።

ኅዳር 10 እና 11 — በለጤ ደን

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ሸቤን ይዘን ወደ በለጤ ደረስን። በለጤና ጌራ በአንድነት 150,000 ሄክታር ያህል የሚሸፍን የደን ክልል ናቸው። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ነዋሪው «ዋቡብ» በሚባል ማኅበር ተደራጅቶ ደኑን እንዲጠብቅና ቡናውን፣ ማሩንና ቅመሙን እንዲጠቀም ፈቅዶለታል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት የደን ቡናቸው ደኑን ሳይጎዳ የሚመረት ለመሆኑ የምስክር ወረቀት ያገኘበት ደን ካላገኘው ይልቅ ከጭፍጨፋ መዳኑን አሳይቷል።

ያረፍነው በደን ዳር ከሚኖሩ አዛውንት ቤት ነው። ገና ከበሩ ሳንደርስ «አካም ጂርቱ» ብለው ወጥተው እጃችንን ያዙን፤ ባለቤታቸውም በቅቤ የራሰ ማርቃ አቀረቡልን። ማርቃው የእኛው ገንፎ ነው፤ ቅቤው ግን የኮረሪማ ሽታ ነበረው። ቡናው በጨው ቀረበ፤ ሦስተኛውን ስኒ ሳልጨርስ ልነሣ ብል አባወራው «ልጄ፣ ቡናው ከጓሮ ነው፣ ጨዉ ብቻ ነው የተገዛው» ብለው አስቀመጡኝ። ለአዳሩ ገንዘብ ሊቀበሉ ስላልፈቀዱ አንድ ኪሎ ማር በ600 ብር ገዛናቸው።

በማግሥቱ ከእርሳቸው ጋር ወደ ደኑ ገባን። 20 በ20 ሜትር እየለካን በውስጡ ያለውን ዛፍ ከነችግኙ ቆጠርን፤ በመጀመሪያ ከቡና ማሳው፣ ቀጥሎም ለቡና ሲባል ካልተነካው ገደላማ ስፍራ። የጉዞዬ ዋና ነገር እዚህ ነበርና ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በገደላማው ስፍራ ቀና ብሎ ሰማይ ማየት ያስቸግራል። ቀረሮው ከሁሉ በላይ ወጥቶ ቆሟል፤ ከእርሱ በታች ሌላ የዛፍ እርከን፣ ከዚያም ቁጥቋጦ፣ ሐረግ፣ መሬት ላይ ደግሞ ኮረሪማ። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ግን ከእግራችን ሥር የነበረው ነው፤ ጣት የማያክሉ የቀረሮ፣ የጥቁር እንጨትና የዶቅማ ችግኞች በብዛት ነበሩ፤ በእነርሱና በትልልቆቹ መካከልም የየዕድሜው ዛፍ አለ።

ከዚያ ወደ ቡናው ስንመለስ ጥላው ያው ነው፣ ቅዝቃዜውም ያው ነው፤ በሳተላይት ምስል ላይም ሁለቱ ስፍራዎች አንድ ቀለም አላቸው። ነገር ግን በትልልቅ ዛፎችና በቡናው መካከል ምንም የለም። ገበሬው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይመነጥራል፤ ለቡናው ተሻሚ የሆነውን ሁሉ፣ ሣሩንም ሐረጉንም የዛፍ ችግኙንም በአንድ ገጀራ ይጠርጋል። የሚተርፈው ለጥላ የተመረጠው ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብርብራና ብሳና ነው። ስለዚህ ዛሬ ያሉት ታላላቅ ዛፎች ልጅ የሌላቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ደርሶ ሲወድቁ የሚተካቸው የለም። ከላይ የሚታየው ደን ለብዙ ዓመታት እንደ ቆመ ሊቀጥል ይችላል፣ ደንነቱ ግን ከሥሩ አስቀድሞ ቆሟል።

ይህን ለአዛውንቱ በጓደኛዬ አስተርጓሚነት ስነግራቸው አልተገረሙም። በልጅነታቸው ማንም ሳይመነጥር ከደኑ ቡና ለቅመው ይመለሱ እንደ ነበር፣ ምርቱ ግን ዛሬ ከሚያገኙት እጅግ ያነሰ እንደ ነበር ነገሩኝ። ልጆቻቸው ብዙ ናቸው፣ መሬቱ ያው ነው። ከዚያም ወደ አንድ ትልቅ ገተም ወሰዱኝ፤ ቀፎ የሰቀሉበት ዛፍ ነው፣ ከአበባውም ነጭ ማር ይገኛል። በዙሪያው ያለውን አይመነጥሩትም። «ንቡ ሌላውንም አበባ ይፈልጋል» አሉኝ። ምክንያታቸው የማር ጥቅም ነው፤ ውጤቱ ግን በዚያ ዛፍ ዙሪያ ችግኝ መብቀሉ ነው። ከቡናው ማሳ መካከል እንዲህ ያሉ ያልተመነጠሩ ቁራጮች ቢተዉ ደኑ ራሱን መተካት እንደሚችል በዓይኔ አይቼ ተመለስሁ።

የእኛን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችም እዚያው ሆኜ አሰብሁ። በእኛም ዘንድ ታላላቆቹ ዛፎች ተከብረው ቆመው ሳለ ከብትና ፍየል ገብቶ ችግኙን ስለሚበላው ተተኪ የሚያጡ ብዙ ናቸው፤ ለዚህም ነው በአንዳንድ አጥቢያዎች ዙሪያውን የድንጋይ ካብ መካብ የተጀመረው። በለጤ ላይ ችግሩ ገጀራ ነው፣ በእኛ ዘንድ ጥርስ ነው።

ኅዳር 12 — ሕርማታ ገበያ

ዕለቱ ሐሙስ ነው፣ የጅማ ታላቅ ገበያ፤ ደግሞም ሚካኤል ነው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከተማዋ በጭስ ተሸፍና ነበር፤ ኅዳር ሲታጠን። ይህ ልማድ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቀድሞ የሚቃጠለው ቅጠልና ጉድፍ ነበር፣ አሁን ግን ከቆሻሻው አብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ ጭሱ ጥቁርና ጉሮሮ የሚቆርጥ ነው። በጤና ስም የተጀመረው ልማድ ጤናን እንዳይጎዳ ፕላስቲኩን ለይቶ ማስቀረት ከባድ አይመስለኝም፤ ይህን ለባሕር ዳርም እላለሁ።

በገበያው የጅማን ታዋቂ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚጠርቡ ባለሙያዎችን አነጋገርሁ። ዋንዛ ይመርጣሉ፤ ዋጋው ለመካከለኛው 1,200 ብር ነበር። ዋንዛው የሚመጣው ከቡና ማሳ ነው፤ ገበሬው ገንዘብ ሲቸግረው አንዱን የጥላ ዛፍ ይሸጣል። አቮካዶው ግን ከባሕር ዳር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነበርና ለመንገድ ገዛሁ።

ኅዳር 13 — ግልገል ጊቤና መልስ

ስመለስ አሰንዳቦ ላይ ወርጄ የመጀመሪያውን የግልገል ጊቤ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አየሁ። ግድቡ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሲሆን ሥራ የጀመረው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከእርሱ የወጣውም ውኃ በዋሻ ተጉዞ ሁለተኛውን ግልገል ጊቤ ያንቀሳቅሳል። ከብት እስከ ውኃው ጫፍ ድረስ ይግጣል፣ ማሳውም ከዳሩ ብዙ አይርቅም። የሐይቁ ውኃ በገባሩ አፍ ላይ ቀይ ነበር፤ ከእርሻ የታጠበ አፈር ነው፣ ከቦዬ ያመለጠውም ወደዚሁ ይደርሳል። በሐይቁ ዙሪያ ስለ ወባ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉም አንድ ውጤት ላይ አልደረሱም፤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ግን በሐይቁ አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ይበልጥ እንደሚያዙ አመልክቶ ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ አምባዛና ቆሮሶ እንደሚያገኝ፣ መረቡ ግን ከገባሩ አጠገብ በጭቃ ስለሚከብድበት ወደ መካከል መሄድ እንደ ጀመረ ነገረኝ።

የአጋሮው ናሙና ላይ የቀረው ሥራ አንድ ነው። መፈልፈያዎቹ ሥራ ካቆሙ ከወራት በኋላ፣ በግንቦት፣ ጓደኛዬ ከዚያው ከታችኛው ስፍራ ድንጋዮቹን እያነሣ ሜይፍላዩ መመለስ አለመመለሱን ይቆጥርልኛል፤ ከተመለሰ ወንዙ በየዓመቱ ራሱን የሚያድስበት ጊዜ ያገኛል ማለት ነው፣ ካልተመለሰ ደግሞ ለመፈልፈያው ባለቤቶች የምናቀርበው ማስረጃ ይሆናል።